«ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራው»

መልእክቱ የደረሰኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ይቅርታ ልረብሽህ፤ ምን አበላሽቼ ይሆን?» ይላል። አብሮት የስክሪን ፎቶ አለ። የስህተት ቁጥር፣ ከቁጥሩ ስር ደግሞ ይህ መሳሪያ የኦንላይን አገልግሎት መጠቀም አይችልም የሚል አንድ መስመር። ላኪው የስራ ባልደረባዬ ነው። ከሳምንት በፊት በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶሌን ሸጬለት ነበር። ለልጁ ብሎ ነው የገዛው።

ቁጥሩን እንዳየሁ ገባኝ። ኮንሶሉን አምራቹ አግዶታል። የታገደው ደግሞ እኔ ሃክ ስላደረግኩት ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የጻፍኩለት መልስ ግን «ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራው፣ አንዳንዴ እንደዛ ያደርጋል» የሚል ነበር።

አጠፋው፣ አበራው። አልሰራም። ደግሞ አጠፋው። ሶስት ጊዜ ሞክሮ «አሁንም እምቢ አለ፤ ምናልባት ልጄ የሆነ ነገር ነክታ ይሆናል» አለኝ።

እስካሁን ያለቀቀችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት። ኮንሶል ሃክ ማድረግ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ክርክር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ራሴም ለዓመታት ተከራክሬያለሁ። ሁሌም የምናነሳው ሁለት ወገን ብቻ ነው፤ ማሽኑን የሰራው ኩባንያና ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው። ምንም ሳትነካ «ነክታ ይሆናል» ስለተባለች ልጅ ስንከራከር አላስታውስም።

ለምን ከፈትኩት

ስጀምር የነጻ ጌም ፍለጋ አልነበረም። ወደ ነጻ ጌሙ እመጣለሁ፣ አልደብቀውም። የመጀመሪያው ምክንያት ግን አንድ ሴቭ ፋይል ነው፤ ጌም ውስጥ የደረስክበትን የሚያስቀምጥልህ ፋይል።

አንድ ጌም ላይ ከ300 ሰዓት በላይ አሳልፌያለሁ። ሲደክመኝ የምገባበት፣ ቀስ እያልኩ የገነባሁት ዓለም ነበር። ታዲያ የኮንሶሉ የቻርጀር ቀዳዳ መላላት ጀመረ። ገመዱን በአንድ በኩል ደግፌ ካልያዝኩት አይሞላም። ለጥገና ልላከው ብዬ ደንቡን ሳነብ፣ ውስጡ ያለው መረጃ በጥገና ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችልና ለዚያ ኃላፊነት እንደማይወስዱ ይላል። እሺ፣ እንግዲያው ቀድሜ ኮፒ ላድርገው አልኩ። ኮፒ የሚደረግበት መንገድ የለም። የአምራቹ የኦንላይን ማስቀመጫም ይህን ጌም አይቀበልም። ፎቶዬን ከስልኬ ወደ ኮምፒውተር እወስዳለሁ፣ የጻፍኩትን ነገር በፍላሽ ይዤ እዞራለሁ፣ በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ማሽን ላይ፣ በገዛ ጣቴ የሰራሁትን ፋይል ግን ማውጣት አልችልም።

በጣም ነው የተናደድኩት። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ሃክ ማድረግ ምን እንደሆነ ላልነካካው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ኮንሶል ማለት ኮምፒውተር ነው። ልዩነቱ፣ ገና ሲበራ ጀምሮ የሚያስነሳው ሶፍትዌር ሁሉ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ይፈትሻል። ፊርማ የሌለውን አያስነሳም። አንዱ ክፍል ቀጣዩን እየፈተሸ በሰንሰለት ይሄዳል፤ ሃከሮች የሚፈልጉት በዚያ ሰንሰለት ላይ የላላችውን ቀለበት ነው። አንዳንዴ ማንም በማይጠብቀው ቦታ ትገኛለች። ኒንቴንዶ ዊ የሚባለው ኮንሶል በ2008 የተከፈተው በአንድ የዜልዳ ጌም ሴቭ ፋይል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፋይሉ ውስጥ የጀግናውን ፈረስ ስም ከልክ በላይ አስረዝመው ጻፉት። ጌሙ ስሙን ሲያነብ ለስም ከተመደበው ቦታ ሞልቶ ፈሰሰ፣ በፈሰሰው በኩል የነሱ ኮድ ገባ። በፈረስ ስም! ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ደግሞ በ2018 ይፋ የሆነው ቀዳዳ ቴግራ ኤክስ1 በሚባለው ቺፕ ውስጥ ነበር፣ ያውም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሊቀየር በማይችል ክፍሉ ላይ። ስለዚህ ቀድመው የተሸጡትን ማሽኖች በአፕዴት መድፈን አልተቻለም። የተስተካከለው ከዚያ ወዲህ የተመረተው ብቻ ነው።

እኔ ቀዳዳ የማገኝ ሰው አይደለሁም። ሌሎች ያገኙትን በመመሪያ ነው የተከተልኩት። መመሪያው ከሁሉ በፊት የኮንሶሉን ሙሉ ሜሞሪ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ ይላል፤ ይህን አደረግኩ። ቀጥሎ ባትሪህ መሙላቱን እይ ይላል፤ ይህን አላየሁም። 9 ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ቻርጀሩ ደግሞ ያው የላላው ነው። ሜሞሪው ላይ እየጻፈ እያለ ስክሪኑ ድርግም አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል ያልኩት ስራ ሌሊቱን ሙሉ ወሰደ። ያዳነኝ መጀመሪያ የወሰድኩት ኮፒ ነው። እሱ ባይኖር ኮንሶሉ እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎ ይቀር ነበር፣ ዋስትናውን በገዛ እጄ አፍርሼ ማንን ጠግንልኝ እላለሁ? ስለ ጉዳቱ ሲወራ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠራው ይህን ነው፣ ማሽኑ ሊሞት ይችላል የሚለውን። ለእኔ ከሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው። የሚጎዳው የነካካውን ሰው ብቻ ነዋ።

ሊነጋ ሲል ሴቩ ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። 300 ሰዓት፣ ከአንድ ፎቶ በምታንስ ፋይል ውስጥ።

በሩ ክፍት ሆኖ ሲያድር

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

መጀመሪያ የጫንኳቸው ነገሮች ዛሬም የምኮራባቸው ናቸው። ሰዎች ለራሳቸው ደስታ ሰርተው በነጻ የለቀቋቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሆምብሪው ይሏቸዋል። ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ሴቭ ማስቀመጫ፣ በአንድ እጁ ብቻ ለሚጫወት ሰው የአዝራሮቹን ስራ የሚቀያይር። እነዚህ ትንንሽ ናቸው ብሎ የሚንቅ ካለ ኮዲን ያስታውስ። ዛሬ ስንቱ ቲቪ ላይ ፊልም የምናይበት ኮዲ የተወለደው ሃክ በተደረጉ የመጀመሪያዎቹ ኤክስቦክሶች ላይ ነው፤ ስሙም ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር ነበር፣ ኮዲ የተባለው በ2014 ነው። ያ በር ተዘግቶ ቢቀር ኮዲ ከየት ይመጣ ነበር?

ከዚያ አንድ ማታ ልገዛው ያሰብኩትን ጌም ፋይል ኢንተርኔት ላይ አየሁት። ሞክሬ ከወደድኩት እገዛዋለሁ ብዬ አወረድኩት። ወደድኩት። አልገዛሁትም። ቀስ በቀስ 11 ደረሱ። አብዛኞቹን 20 ደቂቃ እንኳ አልተጫወትኳቸውም። የከፈልኩበት ጌም ሲከብደኝ እታገለዋለሁ፣ በነጻ ያወረድኩትን ግን ገና አንዴ ስሸነፍ ዘግቼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ጌም የምወድ ሰው ነበርኩ፣ ሳላስበው ጌም የምሰበስብ ሰው ሆንኩ።

ከ11ዱ አንዱን ግን ጨረስኩት። መጨረሻው ላይ የሰሪዎቹ ስም ሲወጣ ያው አንድ ስም ይመላለሳል። ታሪኩን የጻፈው እሱ፣ ስዕሉን የሳለው እሱ፣ ፕሮግራሙን የሰራው እሱ። ሙዚቃው ብቻ የሌላ ሰው ነው። ስክሪኑን እያየሁ ያ የሴቭ ፋይል ንዴቴ ትዝ አለኝ። የራሴን 300 ሰዓት ማውጣት አትችልም ስባል ያን ያህል ከተቃጠልኩ፣ የዚህ ሰው ዓመታትስ የማን ናቸው? እኔ ከሱ የወሰድኩት ልክ ኩባንያው እንዳይወስድብኝ የታገልኩለትን ነገር ነው። ያን ጌም በማግስቱ ገዛሁት። አስሩን አልገዛኋቸውም።

ታዲያ አምራቾቹስ

ይህን ስላልኩ ኩባንያዎቹ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ሶኒ ፕሌስቴሽን 3ን ሲሸጥ ሊኑክስ (ኮንሶሉን እንደ ተራ ኮምፒውተር የሚያሰራ ነጻ ሲስተም) መጫን ይቻላል ብሎ ነው የሸጠው። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ይህን አምኖ በ2010 1,760 ፕሌስቴሽን 3 አገናኝቶ ሱፐር ኮምፒውተር ሰርቷል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 የወጣው አፕዴት ግን ይህን አማራጭ አጠፋው። አፕዴቱን አልቀበልም ያለ ኦንላይን አይጫወትም፣ የተቀበለ ሊኑክሱን ያጣል። ምረጥ ተባለ። እንግዲህ አስቡት፣ ከፍሎ ቤቱ ያስገባው ዕቃ ቤቱ ቁጭ ባለበት ተቀነሰበት። በዓመቱ መጨረሻ ፌይልኦቨርፍሎው የሚባሉ ሃከሮች በርሊን ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ወጥተው፣ ሶኒ ሶፍትዌሮቹን በፈረመ ቁጥር መቀየር ያለበትን የዘፈቀደ ቁጥር ሳይቀይር ያንኑ እንደሚደጋግም አሳዩ። ቁጥሩ ካልተቀየረ ሚስጥራዊው ቁልፍ በሂሳብ ይወጣል። ጆርጅ ሆትዝ የተባለው ወጣት በጃንዋሪ 2011 ዋናውን ቁልፍ ለዓለም አወጣው፣ ሶኒ ከሰሰው፣ በዚያው ዓመት ሆትዝ የሶኒን ምርት ዳግም ሃክ ላያደርግ ተስማምተው ክሱ ተቋጨ።

ልቤ ከማን ጋር እንደሆነ ግልጽ ነው። ግን ያ ቁልፍ ሰው አይመርጥም። ሊኑክሱ ለተወሰደበት ሰው በር የሚከፍተው ቁልፍ፣ ኦንላይን ጨዋታ ገብቶ ግድግዳ እያሳበረ ለሚተኩስ አጭበርባሪም እኩል ይከፍታል። ስራ ውሎ ገብቶ አንድ ሰዓት ልጫወት ያለው ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅ የለውም፣ ጨዋታው ብቻ ይበላሽበታል።

ሃክ ማድረግን ሙሉ በሙሉ እንዳልጠላው የሚያደርገኝ ሌላው ነገር የሚዘጉት መደብሮች ናቸው። ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ የሚባሉትን ኮንሶሎቹን የኦንላይን መደብር ሽያጭ ማርች 27፣ 2023 አቆመ፣ የኦንላይን ጨዋታቸውን ደግሞ ኤፕሪል 8፣ 2024። በዲጂታል ብቻ የወጡ ጌሞች ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዘብ ይዞ ልግዛ የሚል ሰው የሚሄድበት የለም። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የድሮ ጌሞች 87 ከመቶው ዛሬ ገበያ ላይ የሉም። የሚሸጠው ከሌለ ከማን ሰረቅኩ ይባላል? የነዚህን ኮንሶሎች የኦንላይን ሰርቨሮች ፕሪቴንዶ በሚባል ስም እንደ አዲስ እየገነቡ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የቆዩ ጌሞችን ከካርትሪጅና ከዲስክ አውጥቶ ማስቀመጥ የሚቻለውም በአብዛኛው ማሽኑን በከፈቱት ሰዎች እጅ ነው።

ሕጉ ይህን ልዩነት በደንብ አያየውም። የአሜሪካው ዲኤምሲኤ፣ የ1998ቱ የቅጂ መብት ሕግ፣ ከተወሰኑ ጠባብ ፈቃዶች በቀር ቁልፉን መስበሩን ራሱን ነው የሚከለክለው፤ ከሰበርክ በኋላ የራስህን ሴቭ አወጣህ ወይስ የሰው ጌም ወሰድክ ብዙም ለውጥ የለውም። በተግባር ግን ከባዱ ዱላ የሚያርፈው በዚህ ንግድ በሚያካሂዱት ላይ ነው። ቲም ኤክሴኪውተር ከሚባለው ሃክ ማድረጊያ ሻጭ ቡድን ጋሪ ባውዘር የተባለው ሰው በ2022 የ40 ወር እስር ተፈርዶበታል።

ከመልእክቱ እስከ ስልኩ

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

«ልጄ ነክታ ይሆናል» ካለኝ በኋላ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እንዲህ አሰብኩ። ኮንሶሉን ስሸጥለት ጌሞቹን አጥፍቻለሁ፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሼዋለሁ። ታግዶ ይሁን አይሁን ግን አላየሁም። ማየት ቀላል ነበር፣ ከኢንተርኔት ጋር አንዴ ማገናኘት ብቻ። ያላየሁት ረስቼ አይደለም። ካየሁ ለመንገር እገደዳለሁ፣ ካላየሁ ግን «አላውቅም ነበር» ማለት እችላለሁ። ይህን ያኔ ለራሴ በግልጽ አልነገርኩትም፣ ግን እጄ ያውቀዋል፤ ዋይፋዩን ሳያገናኝ ነው ካርቶኑ ውስጥ የከተተው።

እገዳው ደግሞ በማጥፋት የሚጠፋ አይደለም። በብዙ ኮንሶሎች ላይ እያንዳንዱ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ብቻ የሆነ ዲጂታል መለያ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩ የሚያውቀው በሱ ነው። አካውንት ብትቀይር፣ ሁሉን ብታጠፋ፣ መለያው ያው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የተቀጣው ማሽኑ። እኔ ሌላ ኮንሶል ገዝቼ በዚያው አካውንቴ እየተጫወትኩ ነበር፣ ማንም አልነካኝም። ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት፣ ልክ ስልክ በአይኤምኢአይ ቁጥሩ እንደሚጣራው፣ ኮንሶሉንም በመለያ ቁጥሩ የሚያጣራበት ቀላል መንገድ ቢበጅ የዚህ ግማሹ በደል ይቀር ነበር። አምራቾች ይህን ቢያደርጉ ምንም አይከብዳቸውም ብዬ አምናለሁ። ግን ያን ቀን ይህ ሀሳብ ሲመጣልኝ ራሴን ያዝኩት። ስለ ኩባንያው ጥፋት እያሰብኩ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ እያጠፋና እያበራ ነው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ አልሆነም። ኢንተርኔት ለሚያቀርቡልኝ ሰዎች ልደውልላቸው እንዴ?»

ማምለጫው ክፍት ነበር። ደውልላቸው ብለው ይደውል ነበር፣ እነሱም በኛ በኩል ችግር የለም ይሉት ነበር፣ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀር ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። እንዲህ ያለው ነገር ግን ማንም ካላጠራው ሳይጠራ ይቀራል። እሱ ዕድሌ ነው ይላል፣ ልጅቱ ደግሞ ምን ነክቼ ይሆን እያለች ታድጋለች።

ደወልኩለት። «አንተም ልጅህም ምንም አላበላሻችሁም። ኮንሶሉን ሃክ አድርጌው ነበር። ለዚያ ነው የታገደው። ሳልነግርህ ነው የሸጥኩልህ» አልኩት።

ዝም አለ። ገንዘቤን መልስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ልመልስለትም ተዘጋጅቼ ነበር። ወይ ሃክ ማለት ምንድነው ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ። እሱ ግን «ታዲያ ዋይፋዩን ለምን አጥፋው አልከኝ?» አለኝ።

ስለ ሃክ ማድረግ የማውቀው ክርክር ሁሉ፣ የባለቤትነት መብቱ፣ ሴቭ ፋይሉ፣ የተዘጉት መደብሮች፣ ለዚህች ጥያቄ አንዱም አይሆንም። «ፈርቼ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። «ለልጄ አንተ ንገራት።»

ለልጅቷ

ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው። በስልክ ነገርኳት። አንቺ ምንም አልነካሽም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። «እሺ» ብላ ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት። ገንዘቡን በዚያው ቀን ላክሁ፣ ኮንሶሉን ሰኞ አመጣልኝ። ጀርባው ላይ «ተከፍቷል፣ ኦንላይን ታግዷል» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። የቻርጀሩን ቀዳዳ አስቀየርኩ። ያ ሴቭ ፋይል አሁንም ይሰራል፣ አንዳንድ ማታ እገባበታለሁ።

ማሽኑን መክፈቴን አልጸጸትበትም። ዛሬም ያ ቀዳዳ ቢላላ እከፍተዋለሁ። የምጸጸተው የኔ ነው ብዬ እንደፈለግኩ ያደረግኩትን ነገር፣ የኔ መሆኑ ሲያበቃ ምን እንዳደረግኩት ሳልናገር ለሰው ማስረከቤን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ባልደረባዬ ከድሮ ዕቃው መሃል ያገኘውን አሮጌ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ይዞ መጣ። መደብሩ ከተዘጋ ቆይቷል። «ይህንንስ መክፈት ይቻላል?» አለኝ። ትሸጠዋለህ ወይ አልኩት። አልሸጠውም፣ ለሷ ነው አለ። ከመጀመራችን በፊት ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ምን ኮፒ እንደምናደርግ፣ ምን እንደማናወርድ ተነጋገርን። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ባትሪው 100 መድረሱን ትጠብቃለች። መመሪያው ላይ አንድ መስመር አይታ «ዋይፋዩ ይጥፋ ይላል፣ ላጥፋው?» አለችኝ።

አባቷ ቀና ብሎ አየኝ።

«አዎ፣ አጥፊው» አልኳት። «ሳናየው አፕዴት ገብቶ የምንፈልጋትን ቀዳዳ እንዳይደፍናት ነው።» ቀዳዳ ምን ማለት ነው አለችኝ፣ ከፈረሱ ስም ጀመርኩላት።